ቁልፉ ቀዳዳውን ሲስት

ደብረ ብርሃን ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት ለሰውም ለመኪናም ከባድ ነው። ውጭ ያደረ ሚኒባስ ጠዋት መስታወቱ አመዳይ ለብሶ ይገኛል። ያረጀ ባትሪ ደግሞ በዚያ ብርድ አቅም ያጣል። ስለዚህ በእነዚያ ወራት ስልኬ የሚጮኸው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። "ወንድሜ፣ አልነሳ አለኝ፤ ኬብል ይዘህ ድረስልኝ።"

የመኪና ኤሌክትሪሽያን ነኝ። ቤቴና ጋራዤ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ መናኸሪያውም ሩቅ አይደለም። ጋቢዬን ደርቤ፣ ኬብሌን ትከሻዬ ላይ ጥዬ እወጣለሁ። ኮፈኑን ከፍተን እኔና ሾፌሩ ጎን ለጎን እናጎነብሳለን። እሱ በስልኩ ያበራልኛል፣ እኔ የባትሪውን ራስ እጠርጋለሁ። በብርዱ ትንፋሻችን እንደ ጭስ ይታያል። ያኔ ነው የሚሸተኝ። የትናንት ማታ አረቄ።

ሁሉም እንዲህ አይደሉም። አብዛኞቹ ጠንቃቃ የቤተሰብ አስተዳዳሪዎች ናቸው። ግን በወር አንዴም ሁለቴም ይገጥመኛል። ሰውየው አይንገዳገድም፣ ምላሱም አይተሳሰርም። ተኝቶ ተነስቷል፣ ፊቱን ታጥቧል፣ ደህና ነኝ ብሎ ከልቡ አምኗል። ከኋላው ደግሞ መኪና ሙሉ ሰው ተኮራምቶ ይጠብቀዋል።

እኔ ወደዚህ ሙያ የገባሁት ከረዳትነት ነው። በ1998 ዓ.ም. የ16 ዓመት ልጅ ሆኜ የአንድ አይሱዙ ረዳት ነበርኩ። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭነን አዲስ አበባ እናራግፋለን፣ ስንመለስ ደግሞ የሱቅ ዕቃ እንይዛለን። ሾፌሬን ጋሼ ነበር የምላቸው። ደግ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያ ጫማዬን የገዙልኝ እሳቸው ናቸው። ቫልቮላ መቀየር፣ የሞተሪኖ፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ዕቃ፣ ድምፅ ሰምቶ ችግሩን ማወቅ፣ ይህን ሁሉ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

የዚያ ዘመን የጭነት ሾፌር ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር ያልኖረበት ሰው አይረዳውም። ቀን እንቅልፍ ለማባረር ጫት ይቃማል። ማታ ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳል። እንቅልፍ እንዲመጣ ደግሞ ጨብሲ ይገባል፤ ምርቃናውን በመጠጥ መስበር ማለት ነው። አንድ መለኪያ፣ ሁለት መለኪያ፣ አራት መለኪያ። ሌሊት 11 ሰዓት መነሳት ግዴታ ነው። ጋሼ ሰካራም አልነበሩም። የሥራው ዙር ይዟቸው ነበር።

አንድ ሌሊት ደብረ ብርሃን አደርን። እኔ ጋቢና ውስጥ ተኝቼ ነበር። እሳቸው እስከ እኩለ ሌሊት ጨብሲ ላይ ቆይተው አልጋ ይዘው አደሩ። ሌሊት መጥተው በሩን ሲከፍቱ ብርዱ አብሮ ገባ። ቁልፉ ቀይ ክር የታሰረበት ነበር፤ ክሩን ዛሬም አየዋለሁ። ቁልፉን ወደ ቀዳዳው ሰደዱት። ሳተ። ጠርዙን ጫረው። ደግመው ሞከሩ፣ አሁንም ሳተ። ሦስተኛው ላይ ገባ።

እኔ ነቅቼ አይ ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁ። ምን ልበል? "ጋሼ፣ አሁን አይንዱ" ብዬ? ረዳት ሾፌሩን እንዲህ ካለ ዕቃውን ይዞ እዚያው ይወርዳል። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማምነው። ደግሞም እኔ ማነኝ? ጫማዬን የገዙልኝ ሰው ናቸው።

ጣርማበር ስንደርስ ጉሙ መሬት ላይ ተኝቷል። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አለፍንና ቁልቁለቱን ጀመርን። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ዋሻው ከባህር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ ነው። ያን ሁሉ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ ትወርዳለህ። ጭነት የያዘ መኪና እዚያ የሚወርደው በከባድ ማርሽ፣ በሞተር ጉልበት እየተያዘ ነው። ይህንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ነበሩ። ያን ዕለት ግን ማርሽ አልቀነሱም። ፍሬን ብቻ ይረግጣሉ። ትንሽ ቆይቶ የጋለ ፍሬን ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ከዚያ አንድ መታጠፊያ ከጉሙ ውስጥ ወጣብን፤ ዘግይተው አዩት። በመጨረሻዋ ሰዓት መሪውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው መለሱት። ተራራው ያዘን።

የእኔ ቀኝ ክንድ ተሰበረ። የእሳቸው እግር ከፔዳሎቹ ጋር ተጨፈለቀ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልያዙም። መንገድ ላይ ሰው አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ያልተናገርኩት ቃል እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ። አልኮል ሲሸተው አልነሳም ስለሚል መኪና መጀመሪያ ስሰማ ሌሎች ስለ ቴክኖሎጂው ተገረሙ። እኔ ያሰብኩት ያን የ16 ዓመት ልጅ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በራሴ ሙያ ቋንቋ ልንገራችሁ። መኪና ሲነሳ ከቁልፉ የሚወጣው ትንሽ ኤሌክትሪክ ሪሌ የሚባለውን ማብሪያ ይነካል፤ ሪሌው ከባትሪ ትልቁን ኃይል ወደ ሞተሪኖ ይለቃል። መሣሪያው የሚገባው በቁልፉና በሪሌው መካከል ነው። ሾፌሩ በቱቦ ይነፋበታል። አልኮል ካለ መስመሩ አይገናኝም፣ ሞተሪኖውም አይዞርም። ይኸው ነው። ማንም የኛ ሙያ ሰው በአንድ እይታ ይገባዋል።

ሲነፋበት ውስጡ ምን ይሆናል? ብዙዎቹ መሣሪያዎች ውስጥ ከፕላቲኒየም የተሠራ ትንሽ ሕዋስ አለች። የትንፋሹ አልኮል እሷ ላይ ሲያርፍ ወደ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ኮምጣጤን ወደሚያኮመጥጠው ነገር ይለወጣል፤ በዚህ መሀል ኤሌክትሪክ ይመነጫል። አልኮሉ በበዛ ቁጥር ኤሌክትሪኩም ይበዛል። ይህን ሳነብ ተነስቼ ግቢ ውስጥ ዞርኩ። የጠጣው ሰው ትንፋሽ ራሱ ባትሪ ሆነ ማለት ነው!

ትንፋሽ ለምን ይታመናል ለሚል፣ አልኮል ከደም ወደ ሳንባ በተወሰነ ልክ ይተናል። ለስሌት የሚጠቀሙበት 2,100 ለ1 ነው፤ 2,100 ሚሊ ሊትር የሳንባ ትንፋሽ ውስጥ ያለው አልኮል 1 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው ብለው ይወስዳሉ። ሮበርት ቦርከንስታይን የሚባል አሜሪካዊ የፖሊስ ባለሙያ ትራፊኮች በመንገድ ላይ የሚያስነፉበትን መሣሪያ የሠራው በፈረንጆቹ 1954 ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስነፋ የምናየው የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ልዩነቱ ፖሊሱ የሚያገኝህ መንገድ ከገባህ በኋላ መሆኑ ነው። መኪና ውስጥ የሚገጠመው ሳትነሳ ያገኝሃል።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው)። ፊንላንድ ከ2011 ጀምሮ ተማሪ የሚያመላልሱ ተሽከርካሪዎች ላይ አስገድዳለች። ፈረንሳይ ከመስከረም 2015 ጀምሮ አገር አቋራጭ አውቶቡሶቿን በሙሉ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ አዳዲስ መኪኖች መሣሪያው በቀላሉ እንዲገጠምላቸው ተዘጋጅተው እንዲወጡ ደንግጓል።

አሜሪካኖቹ ደግሞ ቱቦውንም ለማስቀረት እየሠሩ ነው። ከ2008 ጀምሮ የመንግሥታቸው የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤትና መኪና አምራቾች በጋራ ሁለት ዓይነት ሞክረዋል። አንደኛው ሾፌሩ እንደ ወትሮው ሲተነፍስ አየሩን ስቦ በኢንፍራሬድ ብርሃን ይመረምራል። ሌላው ሞተር ለማስነሳት በጣት የሚጫኑት ማስነሻ ላይ ይሆናል፤ ጣትህን ስታሳርፍ ብርሃን ቆዳህ ውስጥ ልኮ ተመልሶ በሚመጣው ይለካል። የሚፈልጉት ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ እንዲጨርስ ነው። በጥር 2019 ኬንታኪ ውስጥ የአባስ ቤተሰብ አባላት፣ እናት፣ አባትና ሦስት ልጆች፣ ጠጥቶ በተቃራኒ አቅጣጫ ይነዳ በነበረ ሰው አለቁ። በ2021 የወጣው ሕግ በአዳዲስ መኪኖች ላይ እንዲህ ያለ ቴክኖሎጂ እንዲገባ ሲያዝ መነሻው የእነሱ መታሰቢያ ነበር። ደንቡ እስከ ኅዳር 2024 እንዲወጣ ተቀጥሮ ነበር፤ ቀኑ አለፈ፣ ደንቡ አልወጣም። እዚያም ነገር ይጓተታል።

አሁን ወደ እኛ ልመልሰው። እኔ ይህን ቴክኖሎጂ የምፈትነው በመናኸሪያችን ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ከወንበር ሥር ጀሪካን አለ። አረቄ ነው። ለዘመድ፣ ለድግስ፣ ለገበያ ይሄዳል፤ የኛ አገር አረቄ ስሙ ሩቅ ነው። ሁለት ጊዜ የወጣው ዳግም አረቄ ከ40 በመቶ በላይ አልኮል ሊኖረው ይችላል። ክዳኑ ትንሽ ከላላ መኪናው በሙሉ ይሸታል። በዚያ ላይ ከማኅበር የሚመለሱ ሁለት ሰዎች ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። አየር ስቦ የሚመረምረው መሣሪያ ማንን ነው የሚከሰው?

መልሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ነው። ከሳንባ የሚወጣ ትንፋሽ 4 በመቶ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው። ተራ አየር ውስጥ ያለው 0.04 በመቶ ገደማ ነው፤ መቶ እጥፍ ልዩነት። መሣሪያው ሁለቱንም አብሮ ይለካል። በካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን ትንፋሹ ምን ያህል ከአየር ጋር እንደተቀላቀለ ያውቅና የአልኮሉን ስሌት ያስተካክላል። የሾፌሩን ከተሳፋሪው መለየት ደግሞ ከመጀመሪያው የተያዘ ግዴታ ነው። ግን ጀሪካን አይተነፍስም። የአረቄ ተን አለ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የለም። ተኑ ከሾፌሩ ትንፋሽ ጋር ሲቀላቀል መሣሪያው ምን ይል ይሆን? መሐንዲሶቹ አንድ ቀን እዚህ መጥተው አንድ ጉዞ ቢሄዱ ደስ ይለኛል። እስከዚያው ድረስ ለኛ መንገድ በቱቦ የሚነፋው ይሻላል ባይ ነኝ። ማን እንደነፋ ይታያል።

ብርዱም አለ። ያቺ የፕላቲኒየም ሕዋስ በብርድ በትክክል አትሠራም፤ መሣሪያው መጀመሪያ ራሱን ያሞቃል። ለዚህ ከባትሪ ኃይል ይወስዳል። የኛ ሰው ባትሪ ደግሞ በጥር ሌሊት ምን እንደሚመስል ነግሬአችኋለሁ። መሣሪያ ከመግጠም በፊት ባትሪ መቀየር ይቀድማል።

አንድ ሾፌር ይህን ሳወራለት ደነገጠ። "ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ሞተሬን ቢያጠፋብኝስ?" አለኝ። ልክ ነው፣ እዚያ ላይ ሞተር ከጠፋ መሪው ይደርቃል፣ ፍሬኑም ይከዳል። ግን መሣሪያው የሚሠራው ለማስነሳት ብቻ ነው። የተነሳን ሞተር አያጠፋም። አንዳንዱ መንገድ ላይ እንደገና ንፋ ይላል፤ ካልነፋህ ወይም አልኮል ከተገኘ ክላክስ እያሰማ፣ መብራት እያበራ ያስጨንቅሃል፣ መዝግቦም ይይዛል። ሞተሩን ግን አይነካም።

ሌላው ጥያቄ እኔን የሚመለከት ነው። "ይሄን ነገር ዳይሬክት ማድረግ አይቻልም?" መሣሪያውን ዘሎ ሽቦውን ማገናኘት ማለት ነው። ይቻላል። ሽቦ ነው። የፍጥነት መገደቢያ እንድነቅልላቸው የጠየቁኝ አሉ፤ እምቢ ስላቸው ወደ ሌላ ጋራዥ የሄዱም አሉ። በውጭ አገር መሣሪያው ይታሸጋል፣ በየጊዜው እየተከፈተ ይስተካከላል፣ የነካው ሰው ይታወቃል። እኛ ጋ ይህ ሁሉ የሚያርፈው በእኔና በመሰሎቼ እጅ ላይ ነው። ለሙያ ጓደኞቼ ማለት የምፈልገው አለኝ። ያን ሽቦ ስትቆርጡ ገንዘብ የሚከፍላችሁ ሾፌሩ ነው። መንገዱ ላይ ግን እሱ ብቻ አይደለም ያለው።

ወደ ማግስቱ ልመለስ፤ ሰው የማይገባው እሱ ነውና። ሰውነት አልኮል የሚያስወግደው በራሱ ፍጥነት ነው፣ በሰዓት በአንድ ሊትር ደም 0.15 ግራም ገደማ። ቡና አያፋጥነውም። ቀዝቃዛ ውኃም፣ ክትፎም። አንድ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ 1.5 ግራም ይዞ ተኛ እንበል። በ11 ሰዓት አምስት ሰዓት አልፎታል፣ 0.75 ወርዷል፣ 0.75 ቀርቷል። አሜሪካ ለጭነትና ለሕዝብ ማመላለሻ ሾፌር ያወጣችው ወሰን 0.4 ነው። ስዊድን ለማንም ሰው 0.2። ጋሼ ያን ሌሊት ተኝተው ተነስተዋል፣ ፊታቸውን ታጥበዋል። ቁልፉ ግን ቀዳዳውን ስቷል።

ስለዚህ ይህ መሣሪያ ለኔ ሰካራም መያዣ አይደለም። እምቢ ማለት ለማይችል ሰው እምቢ የሚልለት ነው። ረዳቱ አንዱ ነው። ሌላው ሾፌሩ ራሱ ነው። እኛ አገር ግብዣ እምቢ ማለት እንዴት ከባድ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ማኅበር ቤት ገብተህ ጠላው ሲቀዳ "ይቅርብኝ" ብትል ሴትየዋ "በሞቴ፣ አፈር ስሆን" ትላለች። ሰው የሚያመልጠው "መድኃኒት ጀምሬአለሁ" እያለ ነው። ስንት ጤነኛ ሾፌር በሽተኛ ሲሆን ሰምቻለሁ። "እማማ፣ ነገ መኪናው አያስነሳኝም" ማለት ቢችል ግን ውሸት አይደለም፣ ነውርም አይደለም። እሳቸውም ይገባቸዋል።

ባለፈው ዓመት ከውጭ የመጣ ዘመዴ በእጅ የምትያዝ መለኪያ አምጥቶልኛል፤ ያችው የፕላቲኒየም ዓይነት ናት። ኬብሌ ጋ አንጠልጥያታለሁ። ማንንም አላስገድድም። ባትሪውን ካስነሳሁ በኋላ "ንፋ እስቲ" እላለሁ፣ በብርዱ ከጋቢዬ ሥር አሙቄ አውጥቼ። ብዙዎቹ ዜሮ ያዩና ይኮራሉ። የሚቆጡም አሉ፤ የሚሄዱም።

ያለፈው ጥር፣ የአስተርእዮ ማርያም ማግስት፣ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ነፋ። 0.6። ቁጥሩን አየ። ደግሞ አየ። ተሳፋሪው "እንሂድ እንጂ" እያለ ነው። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ አሥራ ስድስት ቢሆነው ነው፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጧል። ሾፌሩን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ምንም አይልም። አፉ ግን ትንሽ ተከፍቶ ነበር። ያን አፍ አውቀዋለሁ።

ሾፌሩ ቁልፉን ነቀለ። "ሌላ መኪና ፈልግላቸው" አለው ልጁን። ልጁ ወደ ተራ አስከባሪው ሮጠ። ሾፌሩ እኔ ጋ መጥቶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ሻይ አስመጣሁለት። ጋቢዬን ከትከሻዬ አንስቼ ሰጠሁት። ፀሐይ እስክትወጣ ብዙ አላወራንም፤ ቁልፉ በመካከላችን ድንጋዩ ላይ ነበር።